የባሌ ተራሮች ፓርክና ዋርደኑ የማያዝዛቸው ነገሮች

ዲንሾ የሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ስትደርሱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ከርከሮ ሊሆን ይችላል። በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ሣሩን ይግጣል። ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ከቁም ነገር ሳይቆጥራችሁ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ትንሽ ከፍ ስትሉ ጽድና ኮሶው መሃል ቀንዱ የተጠማዘዘ የደጋ አጋዘን ቆሞ ታገኛላችሁ፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ሳይንስ እስከ 1910 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስም ያላወጣለት ትልቅ እንስሳ። ይህን ያየ ሰው "የዚህ ቦታ ኃላፊ መሆን ምንኛ መታደል ነው" ቢል አይፈረድበትም።

ሥራው ግን እንስሳ ማየት አይደለም። እንስሳቱ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፤ እነሱን በተመለከተ ብዙ ስብሰባ አያስፈልግም። የአንድ ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ፣ በአካባቢው አጠራር ዋርደኑ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው ሊያዝዛቸው በማይችላቸው ነገሮች ዙሪያ ነው። ከብት፣ ውሻ፣ መንገድ፣ እሳት፣ የአምስት ወረዳ አስተዳዳሪ፣ ከዚያ ደግሞ በጀት። ባሌን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ይህ ሁሉ እዚያ አንድ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ስፋቱ። ፓርኩ ወደ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ አሁን 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ባሌ ከአምስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ከባሌው ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ ስትነሱ የጋይሳይ ሣር ሜዳ አለ፣ ከዚያ የዲንሾ ጽድ፣ ቀጥሎ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከሱ በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ የሚለው የሳኔቲ አምባ፣ አምባው ላይ ደግሞ በባሌ ተራሮች ከሁሉ ከፍ የሚለው 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ፤ ከዚያ መንገዱ ድንገት ይዘቀዘቅና ሐረና ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ቡናው ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት። ጠዋት ሳኔቲ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ከሰዓት በኋላ ሐረና ውስጥ ላቡን ሊጠርግ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚገኘው ደግሞ በዲንሾ፣ በጎባ፣ በአዳባ፣ በዶሎ መናና በሐረና ቡሉቅ ወረዳዎች ውስጥ ነው። አዳባ የምዕራብ አርሲ ዞን ነች፣ ስለዚህ ዞኑም አንድ አይደለም። ፓርኩ የፌዴራል ነው፣ ተጠሪነቱም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን። ሰዉ፣ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ ግን የክልል ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው ፓርኩ ውስጥ አዲስ ጎጆ ቢቀልስ ዋርደኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። ስካውቱ ያያል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ወረዳው ይወያያል፣ ጎጆው እስከዚያ ክዳኑን ይጨርሳል፣ ከጎኑም ሌላ ጎጆ ይጀመራል።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1970 አካባቢ ነው። እንግሊዛዊው ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ አካባቢውን ዞሮ አጥንቶ ይከለል ብሎ ነበር። ክሪስ ሂልማን የሚባል ባለሙያ ደግሞ በ1986 የአስተዳደር ዕቅድ ጻፈለት። ወሰኑ ግን በደንብ ተደንግጎ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2014 ነው። አርባ ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ዋርደኑ ሲጠብቅ የኖረው በወረቀት ያልጸና መሬት ነበር ማለት ይቻላል። "ወሰኑ የት ነው?" ብሎ የሚሞግተው ገበሬ ቢያጋጥመው የሚመልስለት ነገር ቀላል አልነበረም።

በመካከሉ 1991 መጣ። ደርግ ሲወድቅ መንግሥት የሚባለው ነገር ለጥቂት ወራት ከአካባቢው ጠፋ፤ የፓርኩ ኬላዎች ፈረሱ፣ አጋዘኑ በጥይት ረገፈ። ይህን ክፉ ጊዜ ስናነሳ "ሕዝቡ አረመኔ ነው" ብሎ ማለፍ ይቀናናል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ፓርኩ ለአካባቢው ሰው እስከዚያ ድረስ ግጦሽ የሚከለክል፣ ከብት የሚያስር፣ የሚቀጣ ነገር ብቻ ከነበረ ሰዉ አጋዘኑን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ቢያየው አይገርምም። የመንግሥት ንብረት ደግሞ መንግሥት በሌለበት ቀን ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን።

እስቲ ወደ ሳኔቲ እንውጣ፣ ጠዋት ፀሐይ ውርጩን ማቅለጥ ስትጀምር። ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። መሬቱ በጉድጓድ የተወጋጋ ነው፤ የትልቁ ፍልፈል ቤት ነው፣ ከባሌ ሌላ የትም የማይገኝ። ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ በአቅራቢያው ያለችውን ሣር ይጨመድዳል፣ ተመልሶ ይሰወራል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ወፍ ቆማለች፤ አደጋ ስታይ ትጮሃለች፣ እሱም ሲቆፍር ከሚያወጣው አፈር ላይ ትለቅማለች። ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ይጠብቃል። አይነቃነቅም። ከዚያ ድንገት ይወረወራል። አንዳንዴ ይዞ ይመጣል፣ ሌላ ጊዜ አፍንጫው ላይ አፈር ብቻ ይዞ ይቀራል። የአካባቢው ኦሮሞ ይህን እንስሳ ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ እንግዴ ልጇን ይጠብቃል ስለሚባል ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው። እና የእነዚህን ቀበሮዎች ዕድል የሚወስነው ማን ይመስላችኋል? የእረኛው ውሻ።

እረኛ ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ሲወጣ ውሻውም ይከተለዋል፤ ከብቱን ከጅብ ይጠብቅለታል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት ቀበሮውን ይነክሳል፣ ቀበሮዎች ደግሞ በመንጋ ስለሚኖሩና ጠዋት ጠዋት ተሰባስበው ስለሚላላሱ አንዱ ታመመ ማለት ሁሉም ታመመ ማለት ነው። በ1991 እና 1992 ይህ ሆነ። በ2003 ዌብ ሸለቆ ላይ እንደገና መጣ፣ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ከዚያም በ2008፣ ከዚያም በ2014። በየመካከሉ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ተራውን ይጠብቃል።

በ2003 የተሠራው ሥራ ግን ለማንም አስተዳዳሪ ትምህርት የሚሆን ነው። ከ1995 ጀምሮ በአካባቢው የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምና መንግሥት ሁሉንም ቀበሮ ይዘው መከተብ አይችሉም ነበር፤ ሰውም፣ ጊዜም፣ ገንዘብም አልነበረም። ስለዚህ በሸለቆዎች መካከል ያሉትን ጠባብ መተላለፊያዎች መረጡ። እዚያ ያሉትን ቀበሮዎች በወጥመድ እየያዙ ከተቡ፣ በሽታው ወደ ሌላው አካባቢ መሻገሪያ አጣ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይሰጣል፤ ቀበሮው በልቶት ይሄዳል፣ መያዝና ማስጨነቅ ቀረ።

ውሾቹን መከተብ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ይከተባሉ። የገጠር ውሻ ገመድ አያውቅም። ባለቤቱ በስሙ ይጠራዋል፣ አንገቱን ይዞ በሁለት ጉልበቱ መሃል ያጠብቀዋል፣ ከታቢው ከኋላ መጥቶ ቶሎ ወጋ ያደርገዋል፣ ውሻው ጮሆ ይፈተለካል፣ ልጆች ይስቃሉ። ባለቤቱ እንቢ ካለ ምንም ማድረግ አይቻልም። ውሻ ለማስከተብ ሕግ ከማንበብ ይልቅ ቡና ተፈልቶ "ከብትህም፣ ልጅህም ከእብድ ውሻ ይድናሉ" ብሎ ማስረዳት ይሻላል፤ ውሸትም አይደለም።

ከውሻው የሚከብደው ከብቱ ነው። ጎዳንቱ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ሰብል በሚበቅልበት ወቅት ከብቱን ወደ ከፍታው ማውጣት፣ ሆራ የሚባለውን ማዕድን ያለበት ውኃ ማጠጣት፣ አዝመራ ሲያልቅ መመለስ። ድሮ የሚወጣው ወጥቶ ይመለስ ነበር። አሁን ብዙው አይመለስም፣ ጎጆው ቋሚ ሆኗል፣ ከጎጆው ጎን ገብስ ተዘርቷል። ሰዉም ከብቱም ከድሮው በጣም በዝቷል። አሁን ዋርደኑ ምን ያድርግ? ጎዳንቱን ጨርሶ ልከልክል ቢል ከፓርኩ የሚቀድም ባህል ላይ መነሳት ነው። ዝም ቢል ደግሞ ፍልፈሉ ቤቱ ተረጋግጦ ያልቃል፣ ፍልፈል ከሌለ ቀበሮ የለም።

እሳቱም ከዚሁ ይመነጫል። በበጋ አስታው ይደርቃል፣ እረኛው አዲስ ሣር እንዲወጣለት ይለኩሰዋል፣ ነፋሱ የቀረውን ይጨርሳል። በ2000 እና በ2008 የነደደው ከባድ ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ የእሳት አደጋ መኪና አይደርስም። እሳት የሚጠፋው በቅጠልና በሰው ብዛት ነው፣ ሰዉ የሚወጣው ደግሞ የአገር ሽማግሌ "ውጡ" ሲለው ነው። በ2019 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተው ነበር፤ ቅጠል ይዞ ሌሊት ገደሉ ላይ ያደረው ግን የአካባቢው ሰው ነው።

ሰሜንን ካነሳን አይቀር፣ እዚያ የሰፈራውን ጥያቄ በሌላ መንገድ ነው የመለሱት። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር፣ በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። በወረቀት ሲታይ ስኬት ነው፣ የግጭ ሜዳም አገግሟል። ከእርሻና ከከብት ወደ ከተማ ዳር የተዛወረ ገበሬ ግን ኑሮውን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ይህንን የሚመዘግብ ዝርዝር የለም። ባሌ ደግሞ ሰዉ ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ የግጭን መንገድ እዚያ ይደገም የሚል ሰው ያሰበበት አይመስለኝም።

ሥራውን ለውጭ ድርጅት መስጠትም ተሞክሯል። አፍሪካን ፓርክስ ነጭ ሣርንና ኦሞን ተረክቦ ነበር፣ በፓርኮቹ ውስጥ በሚኖሩት ሰዎች ጉዳይ ተጣብቆ በ2008 ትቶ ሄደ። ባሌ ላይ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የሚባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ለረጅም ጊዜ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሠርቷል፤ ኃላፊነቱ ግን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፣ እነሱ ያግዛሉ። ይሄኛው የተሻለ ይመስለኛል። ገንዘብና መኪና ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ከአባገዳው ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ሰው ግን ነገም እዚያው የሚገኝ መሆን አለበት።

ስካውቶቹን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ጥንካሬያቸውም ጣጣቸውም እሱ ነው። ዱካ ያውቃሉ፣ ቋንቋ ያውቃሉ፣ ፈረስ ላይ ቀን ሙሉ ይውላሉ፣ ዳገቱ ላይ ያሉት ከብቶች የማን እንደሆኑ ከሩቅ ይለያሉ። እና አንዳንዴ ከብቶቹ የአጎታቸው ናቸው። ኬላው ውስጥ ሌሊት ውኃው በረዶ ይሆናል፣ ስንቁ ቆሎና ዳቦ ነው፣ ደመወዙ ለዚህ ሁሉ የሚመጥን አይደለም። ፓርክ የሚበላሸው እንስሳ ሲሞት ብቻ አይደለም፣ ስካውቱ ተስፋ ቆርጦ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ሲጀምርም ነው። ጎበዝ ዋርደን ከቢሮ ወጥቶ ኬላ የሚያድር ነው ሲባል የሰማሁት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

መንገዱ ደግሞ አለ። ከጎባ ተነስቶ ሳኔቲን አቋርጦ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ለጎብኚው ደስታ ነው፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ቀበሮ ያያል። ሹፌሩ ግን ጭነት ይዞ ይቸኩላል፣ ቀበሮም በመኪና ይገጫል። መንገዱን የሚሠራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሹፌሩን የሚቀጣው ሌላ።

በመስከረም 2023 ፓርኩ ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋቢ ሸበሌና የገናሌ ገባሮች፣ ሶፍ ዑመር ዋሻን አቋርጦ የሚሄደው ዌብም ከእነዚህ ተራሮች ነው የሚመነጩት፤ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ውኃ ይኖራል ይባላል። ሶማሊያ ውስጥ ጁባ ወንዝ ዳር የሚያርስ ሰው የዲንሾን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ዲንሾ ያለው ዋርደንም እሱን "አግዘኝ" የሚልበት መንገድ የለውም።

ከፓርኩ ወሰን ዝቅ ብሎ ባለው የሐረና ደን ግን ሌላ ነገር እየተሞከረ ነው። እዚያ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት አሉ፣ ነዋሪው ራሱ ደኑን ይጠብቃል፣ ከጫካ ቡናውና ከማሩ ይጠቀማል። ቀፎዎቹ ከትልልቅ ዛፎች ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ታያላችሁ፣ ዛፉን የቆረጠ ቀፎውን አብሮ ቆረጠ ማለት ነው። ቡናው ቀይ ሲሆን ማን የት እንደሚለቅም እነሱው ይስማማሉ። ዋርደኑን የሚጠይቀው የለም።