ከዚራ፦ ባቡር ያቆመው የድሬዳዋ ሰፈር

ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን መጋላ አለ፤ ገበያው፣ ጠባብ መንገዱ፣ ግርግሩ። በሌላው ወገን ከዚራ አለ። ከዚራ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ግራ ቀኙ ዛፍ ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከባንኩ በእግር ይደረሳል። ለመሀል ከተማ ይህን ያህል የቀረበ ሆኖ ይህን ያህል ጸጥ ያለ ሰፈር በአገራችን ብዙ የለም።

ስለ ሰፈሩ ብቻ ተለይቶ የተጻፈ ነገር ጥቂት ነው። ስለ ባቡሩ ግን ብዙ ተጽፏል። ይህም ዳሰሳ ወደ ባቡሩ ያደላል። ማድላቱም ተገቢ ነው፤ ያለ ባቡሩ ከዚራ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበርና።

አጼ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ከሊዮን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ከሜዳው ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ከባድ ነው። ሐዲድ ላውጣበት ቢሉ ወጪው አይቻልም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። ሌላ ሌላ ምክንያት የሚያነሱ አሉ፤ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር በመኪና ወጥቶ ጥምዝምዙን ያየ ሰው ግን ሌላ ምክንያት አይፈልግም። አዲሱ ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ ስሙ አልዘለቀም።

የሰፈሩ ዕድል የተወሰነው ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ። ሥራውን የተረከበው ሌላ ኩባንያ፣ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ የሚባለው፣ ሐዲዱን አዲስ አበባ ያስገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ ነበረች። ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ መሀል አገር ይጫናል። ቡናውና ቆዳው ከዚህ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ፣ ፈረንሳዩ ተከትሎ መጣ። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባም በኋላ መንገደኛ እዚህ ማደሩ አልቀረም። ከጅቡቲ የተነሳ ሰው ድሬዳዋ ያድር፣ ቀጥሎ አዋሽ ያድር፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ትልቁ የባቡር ጥገና ጋራዥም የተሠራው እዚሁ ነው። ብረት ቀጥቅጦ፣ በያይዶ፣ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ትውልድ ከዚያ ጋራዥ ወጥቷል። የሥራው ወረቀት በፈረንሳይኛ ስለነበር የምድር ባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ ማወቁ ለድሬ ሰው ብርቅ አልነበረም። አሮጌዎቹ ፉርጎዎችና ሎኮሞቲቮች ዛሬም ቅጥር ግቢው ውስጥ አሉ። ለድሬ ሰው እነዚህ ቁርጥራጭ ብረት አይደሉም፤ የአባቶቹ ሥራ ናቸው።

ኩባንያው ሠራተኞቹን የሚያኖርበት ቦታ ፈለገ። ከዚራ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቶቹን በደንብ ላየ ሰው ሁሉም ነገር የተሠራው ለሙቀት መሆኑ ይገባዋል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል። በረንዳው ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ አታገኘውም። መስኮቱ የእንጨት መዝጊያ አለው፤ ቀን ተዘግቶ ማታ ይከፈታል። ዛፉም እንዲሁ ነው። ኒሙ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ይሰጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ቀይ አበባ የሚያፈነዳው ዛፍ ደግሞ በብዙ የአገራችን ክፍል የሚታወቀው «የድሬዳዋ ዛፍ» በሚል ስም ነው። ቡገንቪሊያው አጥር ላይ ይወጣል።

ከተማዋ ጣሊያን ስትይዛት፣ በ1933 ነጻ ስትወጣ፣ በ1969 ደግሞ በሶማሊያ ጦር ስትጠቃ ከዚራም አብራ አይታለች። ለነዋሪው ኑሮ ግን ትልቁ ለውጥ የ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙው ቤት የኪራይ ቤቶች ወይም የቀበሌ ሆነ። ነዋሪው ከልቡ ይወደዋል፤ ነገር ግን የራሱ ስላልሆነ ጣሪያ ለመቀየር ወይም በረንዳ ለማደስ እጁ ይያዛል። አንዳንዱ ቤት ግርማው እንዳለ ሆኖ ቀለሙ የተላጠው ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ዋናው ግን ይህ ይመስለኛል።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ያልፍበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከደጋው የወረደ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ክፉኛ የተጎዳው ወንዙ ዳር የነበረው ነዋሪ ነው። በድሬ ሰው ዘንድ ይህ ሌሊት አይረሳም። ከላይ ደጋው ሲጠቁር ዓይን ሁሉ ወደ ወንዙ ይዞራል።

የዛሬ ኑሮ የሚጀምረው በጠዋት ነው። ፉል ወይም ፈጢራ በሻይ ይበላል፣ ጉዳይ ሁሉ ሳይሞቅ ይጨረሳል። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰፈሩ እንደገና ይነሳል። ወንበር በር ላይ ይወጣል፣ ጎረቤት «አቦ!» እየተባባለ ይጠራራል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ወግ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ማንም ልብ አይለውም። ሙቀቱ ሲብስ ፍራሽ ግቢ ወጥቶ ደጅ ይታደራል።

ሰፈሩ ገብቶ ለመኖር ያሰበ ሰው ውሃውን ይጠይቅ። የከተማው ውሃ በብዛት የሚመጣው ከሳቢያን ጉድጓዶች ነው፤ ማዕድን ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ብዙ ቤት በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ከተማዋን ያዳረሰው የቺኩንጉኒያ በሽታ የሚተላለፈው በቀን በምትነክስ ትንኝ ነው፤ ትንኟም የምትራባው ክዳን በሌለው የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ በርሜል ይከደናል፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለው ሳህን በየጊዜው ይደፋል።

ባቡር ለመሳፈር ግን ከዚራ መኖር ዛሬ ብዙም አይጠቅምም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ጣቢያ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የከዚራ ሰውም እንደ ማንኛውም ነዋሪ ባጃጅ ወይም መኪና ይዞ ይሄዳል።