የኦፒሂ ሕግ፦ የሚለካው ምኑ ነው?

በሃዋይ ደሴቶች ዐለታማ ዳርቻ ኦፒሂ የሚባል ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ይኖራል። ዛጎሉ ጠምዛዛ አይደለም፤ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጣጣ ነው። ማዕበል በሚመታው ዐለት ላይ በጡንቻማ እግሩ ጥብቅ ብሎ ይኖራል። የአገሩ ሰው በጣም ይወደዋል፤ ብዙዎች ጥሬውን ይበሉታል።

ሕጉ ዛጎሉ ከ1¼ ኢንች ያነሰ ኦፒሂ መልቀምም፣ መያዝም፣ መሸጥም ይከለክላል። ይህ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚለካው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ስፋት ነው እንጂ ቁመቱ አይደለም።

ግራ የሚያጋባው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ½ ኢንች። ይህን ያየ ሰው ትንንሾቹም የተፈቀዱ ሊመስለው ይችላል። አልተፈቀዱም። ½ ኢንች የሚያገለግለው ዛጎሉ ለወጣለት ሥጋ ብቻ ነው። ዛጎሉን ባሕር ዳር ጥሎ ሥጋውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰውም ከሕጉ አያመልጥም ማለት ነው።

ጥብቅነቱ ምክንያት አለው። ኦፒሂ እንቁላሉንም ዘሩንም የሚለቀው ውሃው ውስጥ ነው። ቁጥራቸው ከሳሳና ከተራራቁ እንቁላሉና ዘሩ መገናኘት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ትንንሾቹ ሳይለቀሙ አድገው መራባት አለባቸው።

መለካት ያለበት ታዲያ ከዐለቱ ሳይነቀል በፊት ነው። ሲነቀል በቀላሉ ይጎዳል። ሲለኩም ለባሕሩ ጀርባ መስጠት አይገባም፤ ኦፒሂ ሲለቅሙ ማዕበል የወሰዳቸው ሰዎች አሉ።