ቴዎክራሲ ምንድን ነው? ባቢሎን ላይ ግን አትለጥፉት

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ባቢሎን ቴዎክራሲ ነበረች፤ ንጉሡ አምላክ ነበር፤ በቃ» ሲል ሰማሁ። ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት፤ ያውም እርስ በርሳቸው የማይስማሙ።

ቴዎክራሲ ማለት የአምላክ አገዛዝ ነው። ቃሉን ያመጣው በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ነው። የተናገረውም ስለ ሙሴ ሕግ ነው። ሌሎች ሥልጣንን ለአንድ ሰው፣ ለጥቂቶች ወይም ለሕዝብ ሰጡ፤ የእኛ ሕግ ሰጪ ግን ለእግዚአብሔር ሰጠ ለማለት። ሰው አምላክ ሆኖ ይገዛል የሚል ነገር የለበትም። ጭራሽ ተቃራኒው ነው።

ባቢሎንን በውክልና አስቡት። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ነው። እዚህ ያለው ወኪል ኪራይ ይሰበስባል፣ ጣሪያ ያስጠግናል፣ ከተከራይ ጋር ይጨቃጨቃል። ተከራዮቹ «ጌታዬ» ይሉታል። ካርታው ግን በእሱ ስም አይደለም። የባቢሎን ካርታ በአምላኳ በማርዱክ ስም ነበር።

የባቢሎኑ ንጉሥ የሃሙራቢ ሕግ የተቀረጸበትን ጥቁር ድንጋይ አናቱን እዩት። የፀሐይ አምላክ ሻማሽ ተቀምጧል። ሃሙራቢ እጁን ወደ አፉ አንስቶ ቆሟል። አምላክ ቢሆን ወንበር አያጣም ነበር።

ውክልናው በየዓመቱ ይታደሳል። በአዲስ ዓመት በዓል፣ በአኪቱ፣ በኒሳን ወር 5ኛ ቀን ሊቀ ካህኑ የንጉሡን በትርና ዘውድ ይቀበለዋል። በጥፊ ያጮለዋል። ጆሮውን ይዞ ማርዱክ ፊት ያንበረክከዋል። ንጉሡ «አልበደልኩም፣ ባቢሎንን አላጠፋሁም» ይላል። ዘውዱ ይመለስለታል፤ ከዚያ ሌላ ጥፊ። እንባው ከፈሰሰ ማርዱክ ደስ ብሎታል። ካልፈሰሰ ጠላት ይነሳል። (ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም፦ ይህ ጽሑፍ የደረሰን ከታላቁ እስክንድር በኋላ በተገለበጡ የሸክላ ሰሌዳዎች ነው። ሃሙራቢ በጥፊ ተመታ ብላችሁ እንዳትጽፉ።)

«ናራም-ሲንስ?» ይለኛል ያ ሰው። እሺ። ከባቢሎን ነገሥታት በፊት የነበረው የአካድ ንጉሥ ናራም-ሲን በ23ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ስሙ ፊት የአምላክ ምልክት አስጽፏል። የኡር ከተማ ንጉሥ ሹልጊም እንዲሁ። ልማዱ ግን ጥቂት መቶ ዓመታት ቆይቶ ከሰመ። ናራም-ሲን ራሱ በአንድ ሐውልት ላይ፣ የከተማዬ ሰዎች አማልክትን ለምነው ነው አምላክ የሆንኩት ይላል። ማመልከቻ ያስፈለገው አምላክ! ፈርዖን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግብፅን እዚህ አታስገቡብኝ።

ምሳሌዬ የሚያነክስበት ቦታም አለ። ይህ ባለቤት ስልክ አይደውልም። ፈቃዱ የሚነበበው ከበግ ጉበት ነው፣ እኛ ዘንድ ሞራ እንደሚነበበው። ጉበት አንባቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተ መንግሥት ቀለብተኛ ነው። ወኪሉ በባለቤቱ ስም ለራሱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር ብትሉኝ አልከራከርም።

ያም ሆኖ ውክልና ይሻራል። የባቢሎን የመጨረሻ ንጉሥ ናቦኒደስ ባቢሎንን ትቶ 10 ዓመት ያህል ዓረብ ምድር፣ ቴይማ ተቀመጠ። አኪቱም ታጎለ። በ539 ቅ.ል.ክ. የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ። በርሜል በሚመስል ሸክላ ላይ ያስጻፈው እንዲህ ይላል፦ ማርዱክ በናቦኒደስ ተቆጣ፣ አገር ላገር ጻድቅ ንጉሥ ፈለገ፣ የቂሮስን እጅ ያዘ። የአሸናፊ ወሬ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን «አምላክ ነኝ» አላለም። አዲሱ ወኪል እኔ ነኝ ነው ያለው።