ከሰባቱ የማን ሚስት ትሆናለች?

ሰዱቃውያን የሚባሉት የአይሁድ ወገኖች ጌታን ሊያጠምዱት ይዘው የመጡት ታሪክ መቼም ለክርክር የተፈበረከ ነው የሚመስለው። ሰባት ወንድማማቾች አንዲትን ሴት ተራ በተራ ያገባሉ። ሁሉም ልጅ ሳይወልዱ ይሞታሉ። በኋላ እሷም ትሞታለች። ታዲያ በትንሣኤ የማን ሚስት ናት? (ማቴ. 22፥23-33)

ትንሣኤ የለም ባዮች ስለ ትንሣኤ ሲጠይቁ ያው ነገር ፍለጋ ነው። ደግሞ አስተውሉ፤ ሰባት ባል የቀበረች ሴት እንዴት ሆነች ያለ አንድም ሰው የለም። ጭቅጭቁ ማን ይውሰዳት ነው።

መነሻቸው ዘዳግም 25 ነው። ሰው ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ስሙን ያስጠራለት ነበር። ሕጉ የመጣው ሞት ስላለ ነው። ጌታም መልሱን እዚሁ ላይ ጣለው። በትንሣኤ እንደ መላእክት ናቸው እንጂ አያገቡም፣ አይጋቡም፤ ምክንያቱም “ሊሞቱም ወደ ፊት አይቻላቸውም” (ሉቃ. 20፥36)። ሞት በሌለበት ስም አስጠሪ ወራሽ ምን ያደርጋል?

“እንደ መላእክት” ሲባል ግን ብዙ ሰው ይደነግጣል። “እንግዲያው ባለቤቴን አላውቀውም ማለት ነው?” ትላለች መበለቷ። እንደ መላእክት መሆን ሥጋ የሌለው መንፈስ መሆን አይደለም። ጌታ ተነሥቶ እጁንና እግሩን አሳይቷል፤ ዓሣም በልቷል። መግደላዊትን “ማርያም” ብሎ ሲጠራት ወዲያው አወቀችው። ጋብቻ ቢቀር ሰው ለሰው ባዕድ አይሆንም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግሞ “እዚያ እየጠበቀሽ ሌላ እንዳታገቢ” የሚል አይጠፋም። ጳውሎስ እንዲህ አላለም። ባሏ የሞተባት የወደደችውን ልታገባ ነጻ ናት፤ በጌታ ይሁን እንጂ (1ቆሮ. 7፥39)። ሁለተኛ ያገባች እህት በሰማይ የማን ነኝ ብላ አትጨነቅ።

ሰዱቃውያን ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት የሙሴን መጻሕፍት ስለሆነ፣ ጌታ የትንሣኤን ማስረጃ ያወጣው ከዚያው ነው። እግዚአብሔር ከሚነደው ቁጥቋጦ ለሙሴ “የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ ነኝ” ሲል አብርሃም ከሞተ ዘመናት አልፈዋል። አብርሃም ኬብሮን ላይ ለሣራ መቃብር ብሎ በ400 ሰቅል ብር የገዛው የማክፌላ ዋሻ ውስጥ አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ፣ ያዕቆብና ልያ ተቀብረዋል። ባልና ሚስት፣ ባልና ሚስት። እግዚአብሔር ግን አሁንም አምላካቸው ነኝ ይላል። እሱ ደግሞ የሕያዋን እንጂ የሙታን አምላክ አይደለም።