የክርስቶስ ንግሥና በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥታት ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክርስቶስ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የምድር መንግሥታትም ንጉሥ ነው የሚለው ትምህርት በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ይነገራል። የስኮትላንድ ፕሬስቢቴሪያኖች (በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚተዳደሩ ፕሮቴስታንቶች) ግን በዝርዝር የተከራከሩበትና ዋጋም የከፈሉበት በመሆናቸው፣ ስለ ትምህርቱ የሚሰሙትን የተሳሳቱ አመለካከቶች በእነርሱ ታሪክ መመርመር ይሻላል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ትምህርቱ ቀሳውስት አገር ይግዙ ማለት ነው።»

በ1596 አንድሩ ሜልቪል የተባለው የሃይማኖት መምህር በፎክላንድ ቤተ መንግሥት የንጉሥ ጄምስ ስድስተኛን እጅጌ ይዞ፣ በስኮትላንድ ሁለት ነገሥታትና ሁለት መንግሥታት እንዳሉ፣ የክርስቶስ መንግሥት በሆነችው ቤተ ክርስቲያንም ጄምስ አባል እንጂ ራስ እንዳልሆነ ነገረው። ሜልቪል የፈለገው ንጉሡ እጁን ከቤተ ክርስቲያን እንዲያነሣ እንጂ መምህራን ዙፋኑን እንዲወርሱ አልነበረም። በ1640ዎቹ የተዘጋጀው የፕሬስቢቴሪያኖች ዋና የትምህርት ሰነድ፣ የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫም፣ ባለሥልጣን የቃሉንና የምሥጢራትን አገልግሎት ለራሱ እንዳይወስድ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ያው ሰነድ ኑፋቄን የመግታት ኃላፊነት በባለሥልጣኑ ላይ ይጥል ነበር፤ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች አንቀጹን በ1788 ለውጠውታል። ትምህርቱን የሚደግፍ ሰው ይህን ሊሸፍን አይገባም።

«ጌታ ‹መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም› ስላለ መንግሥታት ከግዛቱ ውጭ ናቸው።»

በጲላጦስ ፊት የተነገረው ቃል ሥልጣኑ ከዓለም እንዳልመነጨና ሎሌዎቹ በሰይፍ እንደማይዋጉለት እንጂ ዓለም ከሥልጣኑ ውጭ እንደሆነ አይናገርም፤ ከትንሣኤው በኋላ «ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ» ያለውም እርሱ ነው። እውነተኛው ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው። የእምነት መግለጫውን ባዘጋጀው የዌስትሚኒስተር ጉባኤ የስኮትላንድ ተወካይ የነበረው ጆርጅ ጊሌስፒ፣ ክርስቶስ በመንግሥታት ላይ የሚገዛው የዘላለም አምላክ በመሆኑ ሲሆን በእግዚአብሔርና በሰው መካከል አስታራቂ በመሆኑ (በመካከለኛነቱ) የሚገዛው ግን ቤተ ክርስቲያንን ነው ሲል ተከራክሯል። ባለሥልጣን ሹመቱን ከመካከለኛው ካገኘ፣ ንጉሥ በቤተ ክርስቲያን ላይ የክርስቶስ እንደራሴ ነኝ ለማለት በር ይከፈትለታል ብሎ ሰግቶ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የስኮትላንዱ ፕሬስቢቴሪያን መምህር ዊልያም ሲሚንግተን በበኩሉ፣ ሁሉ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም ለመካከለኛው ስለተሰጠው መንግሥታትም በዚያው ሥልጣን ሥር ናቸው አለ። በእኔ አመለካከት የኤፌሶን 1፥22 አነጋገር ወደ ሲሚንግተን ያደላል፤ የጊሌስፒ ስጋት ግን ዛሬም ሊናቅ አይችልም።

«የማያምን ገዥ ሕጋዊ ሥልጣን የለውም።»

የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ አለማመን ወይም የሃይማኖት ልዩነት የባለሥልጣንን ሕጋዊ ሥልጣን እንደማያፈርስ በግልጽ ይናገራል። በ1680 ሰባኪው ሪቻርድ ካሜሮንና ተከታዮቹ በስኮትላንድ በሳንኳር ከተማ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛን አንቀበልም ሲሉም ያቀረቡት ምክንያት አምባገነንነቱና ቃል ኪዳን ማፍረሱ ነበር።

«በ1843 ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ ብለው ነው።»

ከ450 በላይ አገልጋዮች ደመወዛቸውንና ቤታቸውን ትተው የወጡት፣ ባለርስቶች ምእመናን ያልፈቀዱትን አገልጋይ እንዳይጭኑባቸው ነበር። መሪያቸው ቶማስ ቻልመርስ ግን መንግሥት ለሃይማኖት እውቅናና ድጋፍ መስጠት እንዳለበት አጥብቆ ያምን ነበር።

«ትምህርቱ ሥልጣን መጨበጫ ዘዴ ነው።»

በአሜሪካ የሚገኙት የተሐድሶ ፕሬስቢቴሪያኖች (የእነ ካሜሮንን ፈለግ የተከተለ ቤተ ክርስቲያን) የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የክርስቶስን ንግሥና አልተቀበለም በማለት ለረጅም ዘመን ድምፅ ከመስጠትና ሹመት ከመቀበል ተቆጥበዋል። በ1800ም ባሪያ የያዘ ሰው ከቅዱስ ቁርባን እንዲታገድ ወስነዋል።