ኪክ ቦክሲንግ ለአካል ብቃት፦ ከደሴ ጉም እስከ ኮምቦልቻ ሙቀት

ኪክ ቦክሲንግ ቡጢንና እርግጫን ያጣመረ የፍልሚያ ስፖርት ነው። በወሎ ከተሞች ግን ወደ ልምምዱ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚፋለመው ከማንም ጋር አይደለም። አንዱ ቦርጩን ሊያጠፋ፣ ሌላው ደረጃ ሲወጣ የሚያጥረውን ትንፋሽ ሊያስተካክል፣ ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ያልተነሳ ወገቧን ልታፍታታ ይመጣሉ። ቤተሰብ ደግሞ «ዱርዬ ልትሆን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አይገርምም፤ ስፖርቱ ከሩቅ ሲታይ ጠብ ይመስላል።

ስሙን ያወጣለት ጃፓናዊው የቦክስ ግጥሚያ አዘጋጅ ኦሳሙ ኖጉቺ ነው። ካራቴን ከታይላንዱ ሙዋይ ታይ ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ተጠንስሶ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በዚህ ስም የተጠራው የመጀመሪያ ውድድር በ1966 ኦሳካ ላይ ተካሄደ። አሜሪካኖቹ በ1970ዎቹ «ፉል ኮንታክት ካራቴ» እያሉ በራሳቸው መንገድ መጡ፤ ከወገብ በታች መርገጥን ግን አልፈቀዱም። ዋኮ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የዓለም ኪክ ቦክሲንግ ድርጅቶች ማኅበር በ1976 ተመሠረተ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2021 ሙሉ እውቅና ሰጠው። ለጤና ብቻ የሚሠራው ዓይነት የገነነው በ1990ዎቹ ነው። አሜሪካዊው የካራቴ ሰው ቢሊ ብላንክስ «ታይ ቦ» ብሎ የሰየመውን በሙዚቃ የታጀበ ልምምድ በቪዲዮ ካሴት ሲያሰራጭ፣ በየቤቱ ሳሎን አየር የሚደበድብ ሰው በዛ።

ወደ ወሎ ሲመጣ ኪክ ቦክሲንግ ብዙ ጊዜ ለብቻው የቆመ ቤት የለውም። ቴኳንዶ፣ ካራቴና ቦክስ በሚሠሩበት አዳራሽ ወይም ክብደት ማንሻ በተደረደረበት ጂም ጥግ ይዞ ይኖራል። አሠልጣኙም ብዙውን ጊዜ ከነዚያ ስፖርቶች የመጣ ነው፤ አመጣጡ ከእጁ ይታወቃል። ከቴኳንዶ የመጣው እግሩ ውብ ሆኖ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከቦክስ የመጣው አገጩን ደብቆ እግሩን ይረሳል። ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢያይ ይህን ለመለየት አይቸገርም።

ደሴ፣ ንጋት 12 ሰዓት። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም በመስኮቱ ይገባል፣ ጫማ በር ላይ ተደርድሯል፣ የሲሚንቶው ወለል እግር ያቃጥላል፤ ከቅዝቃዜው የተነሣ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ዱብ ዱብ፣ ከዚያ ገመድ ዝላይ፣ ከዚያ መገጣጠሚያን ማፍታታት። በዚህ ከፍታና በዚህ ብርድ ማሟሟቁ ከ10 ደቂቃ ባያንስ ይመረጣል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ፓድ፣ ማለትም ምት የሚቀበል ትራስ፣ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል፦ ጃብ (የፊተኛው እጅ ቀጥታ ቡጢ)፣ ክሮስ (የኋለኛው እጅ ቀጥታ ቡጢ)፣ እርግጫ። ሁለት ደቂቃ ሥራ፣ አንድ ደቂቃ እረፍት። ሦስተኛው ዙር ላይ እጅ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ጓንቱ ከአገጭ ይወርዳል። አሠልጣኙ በፓዱ የተማሪውን ግንባር ቸብ አድርጎ «አብሽር! እጅ ወደ ላይ!» ይላል። አብሽር ማለት በወሎ አፍ አይዞህ ነው፤ እዚህ ግን እረፍት የለም ማለት ነው።

የልምምዱ ጥቅም ከዚህ መፈራረቅ ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ልብ እየደለቀ፣ አንድ ደቂቃ እየረገበ፣ እንደገና እየደለቀ። የውድድሩ ሕግም ከዚህ አይርቅም፤ የአማተር ግጥሚያ በአብዛኛው ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ነው። ከሩጫ የሚለየው ትከሻ፣ ሆድ፣ ዳሌና ጭን በአንድ ጊዜ መሥራታቸው ነው። በአካል እንቅስቃሴዎች የጉልበት መመዘኛ፣ ኪክ ቦክሲንግ ካራቴና ጁዶ ከሚገኙበት መደብ ገብቶ ዝም ብሎ ከመቀመጥ 10 እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 700 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል ማለት ነው። ሳያቋርጥ የሚሠራ ግን ማን አለ? እረፍቱ፣ ወሬውና ውሃ መጠጣቱ ሲቀነስ ቁጥሩ ይወርዳል፤ «በአንድ ቀን አንድ ሺህ» የሚለውን የጂም ማስታወቂያ ማመን አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሦስት ቀን የአርባ አርባ ደቂቃ ልምምድ ይህን ይሞላል።

ወሎ ላይ ሲሆን ከፍታውም በሒሳቡ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ አየሩም ይሞቃል። ደሴ ተወልዶ ያደገው ልዩነቱን አይቆጥረውም። ከጅዳ ወይም ከሌላ የዓረብ አገር ከተማ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ጭንቅላቷ ቢያዞራት ስንፍና አይደለም። ሁለት ሦስት ሳምንት ዙሩን አሳጥራ እረፍቱን ብታስረዝም ሰውነቷ ይላመዳል። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ደግሞ ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ ልምምዱ ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ውሃም ጠጥቶ መምጣት እንጂ እስኪጠማ መጠበቅ አያዋጣም።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ በክንዱ ይመታል። ቡጢ የሚነሳው ከተረከዝ ነው፤ የኋላው እግር ወለሉን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። እርግጫም እንዲሁ ነው። ዞሮ በሚመጣው እርግጫ ጊዜ የቆመው እግር ጣቶች ካልዞሩ መጠምዘዙን የጉልበት መገጣጠሚያ ይሸከመዋል፣ ከወር በኋላም ጉልበቴን አመመኝ የሚል ይበዛል። የምት ቅጽበት ትንፋሽ በአፍ «ትስ» ብሎ ይወጣል። ትንፋሹን አፍኖ የሚመታ ሰው በደሴ ከፍታ ላይ አንድ ዙር አይጨርስም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ለልምምድ ከ12 እስከ 16 ኦንስ የሆነ ጓንት፣ ለእጅ መጠቅለያ ፋሻ፣ ገመድ። የሚመታው ከረጢት እቤት ሊሠራ ይችላል፤ ጠንካራ ጆንያ፣ ውስጡ ከልብስ ሰፊ የተለመነ ቁርጥራጭ ጨርቅ። አሸዋ ብቻ የሞላ ከረጢት ይከብዳል ብሎ የሚኮራ አለ፤ አሸዋው ግን በሳምንት ውስጥ ወደ ታች ሰፍሮ ድንጋይ ይሆናል፣ እግር የሚያርፈውም እዚያው ታች ነው። ፋሻውን ትቶ መምታትም ያው ነው። እኔ «ለአንድ ዙር ምን ያደርጋል» ብዬ ባዶ እጄን ጓንት ውስጥ ከትቼ የእጄ አንጓ ወለም አለ፤ ለሦስት ሳምንት እንጀራ በግራ እጄ ቆረስኩ።

ወለምታ ሲመጣ ወሎዬ ወደ ወጌሻ ይሮጣል፣ የእጃቸው ጥበብም ተረት አይደለም። ነገር ግን ያበጠው ቦታ መሬት የማያስረግጥ ወይም ቅርጹ የተዛባ ከሆነ ከመታሸቱ በፊት ራጅ መነሣት ይቀድማል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ታሽቶ ይብሳል እንጂ አይድንም። ጭንቅላት ላይ የተመታ፣ የዞረበት ወይም ያቅለሸለሸው ሰው የዚያን ቀን ወደ ልምምዱ አይመለስም። ለአካል ብቃት የሚሠራ ሰው እርስ በርስ መቧቀስ ግድ የለበትም፤ ከረጢትና ፓድ ይበቃሉ። ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

ሴቶች ለብቻቸው የሚሠሩበት ሰዓት ሲመደብ የሚመጡት ይበዛሉ፤ ሂጃብ የምትለብሰውም ነጠላዋን አጣጥፋ ጥግ የምታስቀምጠውም ጎን ለጎን ገመድ ይዘላሉ። ከባዱ ጥያቄ ጾም ነው። ረመዳን ላይ ከባድ ልምምድ ካፈጠሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢሆን ውሃው ተመልሶ ይገኛል፤ ከማፍጠር በፊት ከሆነ ቀለል ያለ የቴክኒክ ልምምድ ብቻ ይበቃል። ሁዳዴ ላይ ሥጋና እንቁላል ሲቀር ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ ጡንቻውን ይይዙታል፣ ከልምምድ በፊት ደግሞ አንድ ብርጭቆ በሶ። ሁለቱ ጾሞች በገጠሙበት ዓመት አዳራሹ ቀን ቀን ጭር ብሎ ማታ ይሞላል።

ክረምት ሲገባ ለደሴ ሰው የሚቀረው ጣጣ ጓንት ማድረቅ ነው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ሳምንቱን ሙሉ አይገለጥም፤ ላብ የጠጣ ጓንት ቦርሳ ውስጥ ካደረ ሽታው ከአዳራሹ ያስወጣል። ምድጃ አጠገብ ያስቀመጠው ቆዳው ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ነባሮቹ አሮጌ ጋዜጣ ጨምድደው ውስጡ ይጎሰጉሳሉ፣ በነጋታው አውጥተው ይጥሉና ሌላ ይከቱበታል።