የግቢ ብክነት፦ ዓይን የሚያየውና ሚዛን የሚያነሳው (የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው)

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ግቢ «አረንጓዴ ግቢ» ሲባል የሚደረገው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጓንት ይታደላል፣ ፕላስቲክ ይለቀማል፣ ፎቶ ይነሳል። ክፉ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ዋናው ብክነት መንገድ ዳር ወድቆ የሚለቀም አይደለም፤ መውጫው በወጥ ቤቱ ጓሮ፣ በሽንት ቤቱ ታንከርና በማገዶ ክምሩ በኩል ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች ከተማሪውም፣ ከአስተዳደሩም፣ ከወጥ ቤት ሠራተኛውም አፍ መስማት የተለመደ ነው።

«የግቢው ቆሻሻ በአብዛኛው ሃይላንድና ፌስታል ነው»

በዓይን ሲታይ እውነት ይመስላል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ምግብና ቅጠል ይበልጣሉ። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ10 እስከ 15 ግራም ነው የሚመዝነው። በአንጻሩ 5,000 ተመጋቢ ባለበት ግቢ እያንዳንዱ ተማሪ በየማዕዱ 50 ግራም፣ ማለትም ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ቢያተርፍ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሲበላ 750 ኪሎ ይሆናል። ይህን ክብደት በባዶ ሃይላንድ ለመሙላት ቢያንስ 50 ሺህ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከዘመቻው በፊት መመዘን ይቀድማል። የሚያስፈልገው ተንጠልጣይ ሚዛን፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሸራ፣ ጆንያና ወፍራም ጓንት ነው። ሥራው 7ቱንም ቀን መሠራት አለበት፤ የጾምና የፍስክ ምግብ ትርፉ አንድ አይደለም፣ ቅዳሜና እሑድም ተመጋቢው ይቀንሳል። የምግቡ ቆሻሻ ራሱ በሦስት ተለይቶ ይመዘን፦ ልጣጭና ግርድ፣ ከድስት የተረፈ፣ ከሰሃን የተመለሰ። ሦስቱ መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ አንድ ላይ ከተመዘኑ ቁጥሩ ምንም አይነግርም። ሚዛኑን የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ፦ ዝናብ የመታው ወረቀት፣ ለቃሚዎች ሃይላንዱን አስቀድመው የወሰዱበት ገንዳ፣ በፈተና ሳምንት ብቻ የተሠራ ቆጠራ።

«ትርፉ ለከብት ስለሚሄድ ባከነ አይባልም»

ለከብት መስጠት ገደል ከመድፋት ይሻላል። ይሁንና እንጀራው ሰሃን ላይ እስኪደርስ የፈጀው ጤፍ፣ ውሃና ማገዶ በመኖ ዋጋ አይመለስም። አደጋም አለው። የሻገተ እንጀራ ለላም ሲሰጥ የሻጋታው መርዝ ወደ ወተቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ከትርፉ ጋር የተቀላቀለ ፌስታል ደግሞ በከብቱ ሆድ ተጠራቅሞ ይገድላል።

ከድስት የሚተርፈው በቆጠራ ይቀንሳል። ያለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ስንት ሚል ካርድ (የተማሪ መመገቢያ ካርድ) አለፈ የሚለው ቁጥር ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ከዋዜማው መድረስ አለበት። ከሰሃን የሚመለሰው ግን የሚቀንሰው በጭልፋው ነው፦ መጀመሪያ አነስ አድርጎ ማውጣትና «ያልበቃው ተመልሶ ይጨመርለታል» ብሎ ቃልን መጠበቅ። ሁለተኛ ሰልፍ ሳይፈቀድ ድርሻውን ብቻ መቀነስ ግን ረሃብ እንጂ ቁጠባ አይደለም፤ ተማሪውም በሚቀጥለው ቀን ከፍላጎቱ በላይ ይወስዳል።

ያልተነካ እንጀራ ለድርቆሽ ይሆናል። በዚያው ቀን ተቆራርጦ፣ ስስ ሆኖ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወንፊት ላይ ይሰጣ፤ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። አንዲት የሻጋታ ነጥብ ያረፈችበት እንጀራ ነጥቧን ቆርጦ ማዳን አይቻልም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ገብቷል። ሰሃን ላይ የነበረ ትርፍራፊ ፈጽሞ ለድርቆሽ አይውልም።

«ኮምፖስት ማለት ከምሮ መተው ነው»

ብዙ ግቢ ውስጥ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ተሞክሮ የሚቀረው በዚህ እምነት ነው። የተከመረ ትርፍራፊ በሦስት ቀን ይገማል፣ ዝንብ ያፈላል፣ ማታ ጅብና ውሻ ይጠራል፤ ከዚያ «እዚህ አገር አይሠራም» ይባላል። ችግሩ አገሩ ሳይሆን የደረቅና የርጥብ መጠን ነው።

የወጥ ቤት ትርፍ ውሃና ናይትሮጅን ይበዛበታል፤ ካርቦን የሚሰጠው ደረቅ ነገር ነው። ለአንድ ባልዲ ትርፍ ከ2 እስከ 3 ባልዲ ደረቅ ነገር ይገባል፦ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ለሌላ ተክልም አይመችም፤ ተከትክቶ በጥቂቱ ካልሆነ ይቅር። አጥንት፣ ሥጋና የወጥ ቅባት አይገቡም። ወጡ ተጠንፍፎ እንጀራው ብቻ ቢገባ ጨውም ይቀንሳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ከመሬቱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራሮ ይነጠፋል፤ አየር ከሥር የሚገባው በዚያ ነው። በላዩ ደረቅ፣ ትርፍ፣ ደረቅ እየተደረገ ይደረደራል፤ የመጨረሻው ንብርብር ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 1 ሜትር ካልሆነ ሙቀቱን አይዝም። ደሴ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ 1 ሜትር ከግማሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ኮምቦልቻ ሞቃት በመሆኗ ሙቀቱ አያስቸግርም፣ እዚያ የሚያስቸግረው ቶሎ መድረቁ ነው። እርጥበቱ በእጅ ይለካል፦ አንድ እፍኝ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው፤ ውሃ ከፈሰሰው ደረቅ ይጨመር፤ ከተበተነ ውሃ ይርከፍከፍበት።

መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ፌሮ ብረት መሐሉ ድረስ ይወጋና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይወጣል፤ በእጅ መያዝ ካስቸገረ እየሠራ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ይገለበጣል፣ የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ በላስቲክ ይሸፈናል፤ በወሎ የበልግ ዝናብም ስላለ ላስቲኩን እስከ ሐምሌ ድረስ መጋዘን ቆልፎ ማስቀመጥ አያዋጣም።

ሽታው ራሱ ይናገራል። እንደ ሽንት የሚቆጠቁጥ ከሆነ ናይትሮጅኑ በዝቷል፤ ደረቅ ይጨመር። የገማ እንቁላል የሚሸት ከሆነ አየር አጥሮታል፤ ይገልበጥ። ሽታም ሙቀትም ከሌለው ደርቋል ወይም ክምሩ አንሷል። ከሦስት እስከ አራት ወር በኋላ አፈር አፈር ሲሸትና ተገልብጦም ሳይሞቅ ሲቀር ጥቂት ፌጦ ይዘራበታል፤ በሳምንት ውስጥ እኩል ከበቀለ ደርሷል፣ ከጫጨ ወይም ከቢጫነት ካላለፈ ጊዜ ይፈልጋል።

«እሳት ሲጨመር ቶሎ ይበስላል»

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች በ94። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢቆለልበት ሙቀቱ አይጨምርም፣ ውሃው ብቻ ይተናል። ከዚያ ውሃ ይጨመራል፣ እንደገና ማገዶ። ለደሴ ወጥ ቤት ከማንኛውም አዲስ ምድጃ በፊት የሚያዋጣው ባቄላውን፣ አተሩንና ሽምብራውን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደንና ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ ነው። ምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጉዳይ እንጨቱ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ያህሉ ክብደት ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በኪሎ ከተገዛ የውሃ ዋጋ ተከፍሏል፣ ከተነደደ ደግሞ ያን ውሃ ለማትነን ሙቀት ይባክናል። የእጅ አንጓ ውፍረት እስኪኖረው ተፈልጦ፣ ከመሬት በጡብ ከፍ ብሎ፣ ጣሪያ ሥር፣ ጎኑ ለነፋስ ተከፍቶ ቢያንስ 6 ወር ይቀመጥ። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። «ባሕር ዛፍ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ምን ችግር አለው» የሚለው መልስ ከእርጥብ እንጨት ጭስ ፊት ለፊት ቆመው የሚውሉትን ሴቶች ሳንባ አይመለከትም።

«መብራት ካጠፋን ኃላፊነታችንን ተወጣን»

ማጥፋቱ ይበጃል፤ ነገር ግን 1,500 ዋት የሆነ የዶርም ስቶቭ በአንድ ሰዓት የሚበላው 10 ዋት አምፖል በ150 ሰዓት የሚበላውን ነው። ደግሞም የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ፣ በጭስ ደረጃ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው እንጀራ መጋገሩን ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ በማዞር ነው። ምጣዱ በጋለበት ሁሉንም ሊጥ ጋግሮ መጨረስ ይገባል፤ ጠዋትም ከሰዓትም እያቀዘቀዙ ማጋል ኤሌክትሪኩን ለሸክላው ብቻ መክፈል ነው።

«ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ የሚባክን የለም»

በተቃራኒው፣ ፈረቃ የራሱን ብክነት ይፈጥራል። ውሃ ጠፍቶ ሳለ ተከፍታ የተረሳች ቧንቧ በደቂቃ 8 ሊትር የምትሰጥ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት 1,440 ሊትር ታፈሳለች፤ ያም 72 ጀሪካን ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ ይህን አያስቆምም። ውሃ ሲቋረጥ ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) የሕንጻውን ዋና ማስተላለፊያ ዘግቶ፣ ቧንቧዎቹን ዞሮ አይቶ፣ ከዚያ መክፈት ነው ያለበት።

ለሚንጠባጠብ ቧንቧ መለኪያ ከሥሩ ለ10 ደቂቃ ይቀመጥና የተገኘው በ144 ይባዛል። 100 ሚሊ ሊትር ከተገኘ በቀን 14.4 ሊትር ነው፤ እንዲህ ያሉ 30 ቧንቧዎች ከ21 ጀሪካን በላይ ይጥላሉ። ብዙውን ጊዜ ያለቀው ጎሚኒው ብቻ ነው፤ እጀታውን በኃይል ማጥበቅ ግን የሚያርፍበትን ብረት ይበላና ቀጥሎ ጎሚኒ ቢቀየርም አይይዝም። የሽንት ቤት ታንከር ሲያፈስ ድምፅም አያሰማ ይሆናል፤ የቀይ ሥር ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሮ ሳይለቁ 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ መዝጊያው ይቀየራል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሲፈስም ማንም አያይም፤ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ በአሸንዳው በኩል ከመጥፋት ይልቅ በሩ አጠገብ ሰው በሚያይበት ቢወርድ ተንሳፋፊው ሲበላሽ በዚያው ቀን ይታወቃል።

«ያደረ ውሃ» እየተባለ በየጠዋቱ የሚደፋው የጀሪካን ውሃም አለ። ለመጠጥ ባይፈለግ እንኳ ለልብስና ለወለል ይሆናል።

«ሃይላንዱን ለይቼ ጣልኩ፣ በቃ»

ለይቶ መጣል የሚጠቅመው ገዢ እስከተገኘ ድረስ ነው፤ ገዢው ደግሞ ንጹሕና የተጨመቀ ይፈልጋል። ጁስ የቀረበት ጠርሙስ ይሻግታል፣ ሚዛንም ያሳስታል። መጀመሪያ ይንጠፍጠፍ፣ ይጨፍለቅ፣ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋ፤ ተከድኖ የሚጨፈለቅ ጠርሙስ አየር ይዞ አይጨፈለቅም፣ መኪናውም የሚጭነው አየር ይሆናል። የቺፕስ ከረጢት፣ ነጭ ፎም ሰሃንና ቀጭን ፌስታል በአብዛኛው ቁራሌውም አይወስዳቸውም፤ እነሱን ከሃይላንድ ጋር መቀላቀል ሙሉውን ጆንያ ዋጋ ያሳጣዋል። የጠርሙስ ገንዳ ክዳኑ 10 ሴንቲ ሜትር ክብ ቀዳዳ ብቻ ይኑረው፣ ምንጊዜም ከሌላው ገንዳ ጎን ይቁም። ብቻውን የቆመ ገንዳ ውስጥ ሁሉም ነገር ይጣላል።

«ፌስታልን በወረቀት ከረጢት መተካት ነው»

አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል። ወረቀት ግን ዳቦና ቲማቲም ሲያርስ ይቀደዳል፣ አንድ ቀን ያገለግልና ይጣላል። ዘምቢል ወይም ካረጀ የዶርም አንሶላ የተሰፋ ከረጢት ይሻላል።

«ካቃጠሉት ይጠፋል»

አይጠፋም፤ ጭስና አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የቱቦ ቁራጭ፣ ሜዳ ላይ ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ጎድጉዳ ስለተቀመጠች የቀዝቃዛ ጠዋት ጭስ ወደ ላይ ሳይወጣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። አመዱም ኮምፖስት ውስጥ አይገባም።

«ፋብሪካው እያለ የላቦራቶሪ ጠብታ ምን ታደርጋለች»

ይህ የኮምቦልቻ አባባል ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት በመሆኑ ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ሁለቱም ፍሳሾች መጨረሻቸው የቦርከና ወንዝ ነው፤ ቦርከና ደግሞ በጨፋ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ መንገዱ ላይ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል። ከባድ ብረቶች በውሃ ቢቀጥኑም አይጠፉም፤ ደለሉ ላይ ይከማቻሉ። የሚገርመው፣ የፍሳሽን ብክለት ለመለካት የሚሠራው የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ምርመራ ራሱ ክሮሚየም፣ ሜርኩሪና ብር ያለበት ትርፍ ይተዋል፤ ያ ትርፍ ማጠቢያው ላይ ከተደፋ መርማሪው ከሚመረምረው ፍሳሽ ጋር ተደመረ።

ስለዚህ የምርመራው ትርፍ ለብቻው አሲድ በሚችል ጠርሙስ ይጠራቀም፤ ከሌላ አሲድ፣ ከቀለም ወይም ከአሟሚ ኬሚካል ጋር አይቀላቀል፣ በተለይ በረኪና አይነካው፤ አሲድና በረኪና ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላ፣ አሥረኛው እጅ ባዶ ይቅር። በላዩ የኬሚካሉ ስም፣ የተጀመረበት ቀንና የላቦራቶሪው ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፣ ከሥሩም ቢሰበር የሚይዘው የፕላስቲክ ሳፋ ይቀመጥ። ለሙከራው የሚበጠበጠው ኬሚካል መጠን ራሱ በተማሪው ቁጥር ይታሰብ፤ 40 ተማሪ 20 ሚሊ ሊትር ቢፈልግ 800 ነው፣ ከመጠባበቂያ ጋር 900 ይበቃል። በልማድ ሁለት ሊትር ተበጥብጦ ሴሚስተሩ ሲያልቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ጽሑፉ የለቀቀ ጠርሙስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም ሊያስወግደው አይችልም።